በጀልባም ቢሆን ተራ ይጠበቃል

ጀልባ የማውቅ ሰው ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ አላውቅም። አሰላ ላይ ጀልባ ምን ይሠራል? እኛ ሰፈር ያለው ውኃ ወይ ከሰማይ ይወርዳል፣ ወይ ከቧንቧ አይወርድም። ስለዚህ ከእድራችን ሰዎች ጋር ቀጣር ወንዝ ላይ፣ ደንገል መሃል ተሰንቅሬ ያመሸሁበትን ቀን ስነግራችሁ የጀልባውን ዕቃዎች ስም ብሳሳት አትፍረዱብኝ። የፊቱን ፊት፣ የኋላውን ኋላ እላለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ሴት ከዚህ በላይ አትጠየቅም።

ነገሩ የተጀመረው መብራት በጠፋበት የእድር ስብሰባ ላይ ነው። መብራት የጠፋበት ብዬ መለየቴም ከንቱ ነው፤ ያልጠፋበት ስብሰባ ትዝ አይለኝም። ሰብሳቢው የሚያነበው ወረቀት አልታየው ብሎ በስልኩ ሲያበራ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሻምሲ ለራሷ የምታወራ መስሏት፣ «እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ደንገሉ ራሱ ያበራልን ነበር» አለች።

የሻምሲን ነገር ላስረዳችሁ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። የተወለደችው ከእኛ ቁልቁል ቆላው ውስጥ፣ ቀጣር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባበት አጠገብ ነው። ልጅ ሆና፣ ዝናቡ ባረፈ ሰሞን ሲመሽ፣ ደንገሉ ላይ ቂጧ የሚበራ ጢንዚዛ ትወጣ እንደነበር አሰላ ተድራ ከመጣች ጀምሮ ስታወራ ኖራለች። የአሰላ ሰው ደግሞ ጢንዚዛ ሲባል የሚያውቀው ጥቁሩን፣ እበት የሚገፋውን ብቻ ነው። አላመናትም። ከጊዜ ብዛት ጭራሽ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው የማይመስል ነገር ሲያወራ «ይሄማ የሻምሲ ፋኖስ ነው» ማለት ተለመደ። ሻምሲ ማን እንደሆነች የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል። እሷም ከዚያ ወዲህ ወሬውን ትታው ነበር። ያን ቀን ጨለማው አሳስቷት አመለጣት።

ሰምተው ዝም ቢሏት ምን ነበረበት? ግን አቶ ደምሴ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። አቶ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሥራው ወጡ እንጂ ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። ሚስታቸው ወጡ ጨው አንሶታል ብትል እንኳ ማስረጃ ይጠይቃሉ ይባላል።

«ወይዘሮ ሻምሲ» አሉ፣ «ለዚህ ነገር ምስክር አለዎት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሻምሲ ሻሿን አስተካክላ ተነሣችና ወጣች። የእድር ስብሰባ አቋርጣ ወጥታ አታውቅም። ተከትዬ በሩ ላይ ስደርስባት፣ «ወላሂ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አልመጣም። ስሜን የውሸት ስም ካደረጉት ሰዎች ጋር እድርተኛ አልሆንም» አለችኝ።

እድር መተው ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። በሻምሲ ዕድሜ ያለች፣ ልጆቿ ሁሉ ሩቅ ያሉ ሴት እድር ተወች ማለት ድንኳኗን በገዛ እጇ ነቀለች ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ፍርድ ሲጓደል ጨጓራዬ ይነድዳል። ሐኪሙ በርበሬ ነው ይላል፤ በርበሬ ከተውኩ ቆየሁ። ወደ ቤቱ ተመልሼ መሃል ላይ ቆምኩ።

«አቶ ደምሴ፣ ሄደው ያላዩትን ነገር ውሸት ነው ማለት ይችላሉ?»

«እትዬ፣ ማየት የእኔ ግዴታ አይደለም። ማስረዳት ያለባት ተናጋሪዋ ናት።»

«እንግዲያው እንሄዳለን። ከሌለ እኔ ራሴ እዚሁ ቆሜ ሻምሲ ዋሽታለች እላለሁ። ካለ ደግሞ እርስዎ ቆመው ይመሰክራሉ።»

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ትልቅ ነገር ሲወስኑ እንደዚያ ያደርጋሉ። «በዓይኔ ካየሁ እመሰክራለሁ» አሉ። ይቺን «በዓይኔ» የምትባል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ትሠራናለች።

የልጄ ልጅ ሀዊ ስልኳን ስትጎረጉር በዚያው ወንዝ ላይ የምሽት የጀልባ ጉዞ እንዳለ አገኘች። አብሪ ጢንዚዛ ያሳያል ይላል ማስታወቂያው። ፎቶውን ለሻምሲ ብናሳያት ሥሮቻቸው ከውኃ በላይ እንደ ሸረሪት እግር የተንጨፈረሩ ዛፎች ናቸው።

«ይሄ የእኛ ወንዝ አይደለም» አለች ሻምሲ። «የእኛ ዛፍ እንዲህ ቀሚሱን ሰብስቦ አይቆምም።»

«አዴ ሻምሲ፣ ፎቶው የሌላ አገር ነው» አለች ሀዊ። «ማስታወቂያ እኮ ነው።»

አያችሁ ፍርዱን? ማስታወቂያ ሲዋሽ ማስታወቂያ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሻምሲ እውነት ስትናገር ምስክር ትጠየቃለች። ሻምሲ እምቢ ብላ ነበር። የጎተትኳት እኔ ነኝ።

ከእድሩ ጥቂት ሰዎች ሆነን በሚኒባስ ወደ ቆላው ወረድን። አሰላ ስንነሣ ብርድ ስለነበር ሁላችንም ጋቢና ሹራብ ደራርበናል። ቆላው ላይ ወዳለችው ኦጎልቾ ከተማ ስንቃረብ መስኮቱ ተከፍቶ ተከፍቶ አልበቃ አለ፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ እንደ ድንች ተቀቅለን ነበር። አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ያንን ባርኔጣ ደፍተው፣ ክንድ የሚያህል የእጅ ባትሪ ይዘዋል። ችሎት የሚቀርቡ እንጂ ጢንዚዛ ሊያዩ የመጡ አይመስሉም።

የጀልባው ባለቤት ቱሉ የሚባል ደልደል ያለ ጎልማሳ ነው። «ጢንዚዛዋ አለች?» አልኩት ገና ሰላም ሳልለው።

«ኡፋ! ትናንት ብትመጡ! ደንገሉ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር!»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ትኖራለች፤ ግን ፀሐይ እንደገባች ነው መድረስ ያለብን። ብዙ አትቆይም። ቶሎ ተሳፈሩ።»

ቶሎ መሳፈር እንዴት ይሆናል? ሰው ሳይመረቅ ውኃ ላይ ይወጣል እንዴ? አቶ ደምሴ በዕድሜ አንጋፋ ስለሆኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው መረቁ። በደንብ መረቁ፤ አልክድም። ሁላችንም አሜን ብለን እግራችንን ስናነሣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ቆይ፣ ወንድ ብቻ ነው እንዴ የሚሰምጠው? ሴትም ትመርቅ!»

ሴቶቹ ደገፉኝ። አገሩ የሻምሲ ነውና ሻምሲ ትመርቅ ተባለ። ሻምሲ በኦሮምኛ ጀመረች። የሻምሲ ምርቃት ከወንዙ ተነሥቶ ላሞቹን፣ ጥጆቹን፣ የበቆጂን ገብስ፣ የሮቤን መንገደኛ፣ ያላገቡትን፣ አግብተው የተቆጩትን ሁሉ አዳረሰ። እሱ ሲያልቅ፣ አንዱ በእስልምና ከተመረቀ አንዱ ደግሞ በክርስትና ይመረቅ ተባለ፤ አቶ ደምሴ የመረቁት ለእድሩ እንጂ ለሃይማኖቱ አልነበረም የሚል ክርክር ተነሣ። ተመረቀ። ከዚያ ቱሉ ጥግ ላይ ገመዱን ይዞ ቆሞ አየሁት፤ አሳዘነኝ። «እሱም ነፍስ አለው፤ ይመርቅ!» አልኩ።

«እናቶቼ» አለ ቱሉ፣ «ይሄ ጀልባ ተመርቆ አልቋል። የቀረ ምርቃት ካለ ሌላ ጀልባ ላምጣ?»

ዞር ስንል ፀሐይዋ የለችም። አልጠበቀችንም።

እንዳንሰምጥ የታደለን ብርቱካንማ ሰደርያ ከጋቢ በላይ አልገባ አለ። ጋቢውን ብናወልቅ ደግሞ ትንኙ ጠበቀን። ሰደርያ ከውስጥ፣ ጋቢ ከላይ አድርገን ተሳፈርን፤ ሁላችንም የደረስን እርጉዞች መሰልን። አቶ ደምሴ ሳይቀሩ።

ቱሉ ሞተሩን አስነሣ፤ ጀልባው በድንግዝግዙ ውስጥ መሄድ ጀመረ። ግራና ቀኝ ደንገል ነው፤ መሃል መሃል ውኃ ውስጥ የቆሙ ዛፎች አሉ። ነፋሱ ደስ ይላል። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ አቶ ደምሴ የፊተኛው መቀመጫ ላይ ብቻቸውን ተንሰራፍተው አየኋቸው። ሻምሲ ኋላ፣ ከሞተሩ ጋር፣ ጭሱን እየጠጣች ናት።

«አቶ ደምሴ፣ የፊቱ መቀመጫ የማን ነው?»

«የማየት ኃላፊነት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ዓይን ያለን ሁላችን ነን። በተራ ይሁን። እርስዎ እስከዚያች ዛፍ ድረስ፤ ከዚያ ሌላው።»

ዛፏ ደረሰች። አቶ ደምሴ ተነሡ፤ ቀጣይዋ ሴት ተነሣች፤ እሷ ስትነሣ ቦታዋን ለመውሰድ ሌላዋ ተነሣች።

«ኧረ ጀልባ ላይ አይነሣም!» ጮኸ ቱሉ።

«ታክሲ ላይም አይነሣም ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ይነሣል» አልኩት።

ታክሲ ግን እንዲያ አይወዛወዝም። ጀልባው ወደ ግራ ሲያዘነብል ሁላችንም ወደ ቀኝ ሮጥን፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ግራ። አቶ ደምሴ የያዙት የአንዷን ጋቢ ነበር፤ ጋቢው የያዘው ደግሞ እኔን ነበር። ቱሉ እኛን ለመያዝ መሪውን ሲለቅ ጀልባው በራሱ ሐሳብ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው አጓርቶ ዝም አለ።

ከዚያ ከወደ ሐይቁ አንድ ትልቅ ነገር «ፉ!» ብሎ ተነፈሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልን በአንድ ድምፅ። ያን ቀን የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

«ጉማሬ ነው። ሩቅ ነው፤ አትፍሩ።»

«ምን ያህል ሩቅ ነው?»

ቱሉ አሰበ። «ትናንት ሩቅ ነበር።»

ጋቢያችንን ተከናነብን፤ ጉማሬ ጋቢ የሚፈራ ይመስል። ቱሉ ከሞተሩ ላይ ደንገሉን በእጁ መንቀል ጀመረ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አብርቶ ለቱሉ ያሳየዋል፤ ግማሹ የቱሉን እጅ፣ ግማሹ የቱሉን ዓይን። አቶ ደምሴ የዚያን ክንድ የሚያህል ባትሪያቸውን ብርሃን ደንገሉ ላይ እየወረወሩ፣ «የታለች? የታለች?» ይላሉ። በብርሃኑ የመጣልን ትንኝ ብቻ ነው፤ የመጣውም ከነቤተሰቡ ነው።

ያኔ ሻምሲ ክንዴን ያዘችኝ። «አዴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምናልባት ጠፍታ ይሆናል። ደንገሉም እንደ ድሮው አይደለም። ስመለስ ምን እላለሁ?»

እኔ ምን ልበላት? እሷ እቤቷ ተኮራምታ መቅረት ትችል ነበር። ጎትቼ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ አገሯ ላሳፍራት ያመጣኋት እኔ ነኝ። እድሩ ፊት ቆሜ ሻምሲ ዋሽታለች እላለሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ቃሌን ደግሞ አላጥፍም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው እንጂ ዘልዬ ብወርድ በተሻለኝ።

በዚህ መሃል ሀዊ ተነጫነጨች። «እማማ፣ የእኔ ባትሪ ሊያልቅ ነው! እነሱ እኮ ለመመለሻ ብለው ቀስ እያሉ እያጠፉ ነው!» ዞር ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። አንዷ ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣለች፤ አንዱ በጋቢው ሸፍኗል። የልጅቷ ስልክ ብቻ ለሁላችን ይነድዳል። ሐዘኔ ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ንዴት ለእኔ ይቀለኛል።

«ስሙ! እዚህ ጀልባ ላይ ብልጥና ሞኝ የለም! ወይ ሁላችን እናበራለን፣ ወይ ሁላችን እናጠፋለን!»

ሁሉም አጠፋ። ማጥፋቱ ርካሽ ሆኖባቸው መሰለኝ። አቶ ደምሴ ብቻ ቀሩ።

«ይሄ የግል ባትሪዬ ነው፣ እትዬ።»

«ጨለማውስ የግልዎ ነው? ያጥፉ!»

«እንዴ፣ እኔስ በምን ልሥራ?» አለ ቱሉ። ማንም አልሰማውም። አቶ ደምሴ አጠፉ።

እንዲህ ያለ ጨለማ አሰላ ላይ መብራት ሲጠፋ እንኳ አላየሁም። የራሴን እጅ አጣሁት። የሚሰማው የቱሉ ማጉረምረምና የደንገሉ መቀደድ ብቻ ነበር። እንዲያ ሆነን ጥቂት እንደቆየን አንዷ ሴት፣ «ውይ!» አለች።

አየኋት። አንዲት ናት። አረንጓዴ መሳይ፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ ያለች ብርሃን። ቦግ ትላለች፣ ትጠፋለች፤ ደግሞ ቦግ ትላለች። አትቸኩልም። የእኛ መብራት እንደዚያ ተራውን ጠብቆ ቢጠፋና ቢመጣ ማንም አያማርርም ነበር። የተቀመጠችው አቶ ደምሴ ባርኔጣ ላይ ነው፤ መሃል አናቱ ላይ።

ጀልባው በሙሉ ወደ አቶ ደምሴ አፈጠጠ። በጨለማም ቢሆን ታወቃቸው።

«ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አላችሁ?»

«አይንቀሳቀሱ!» አልኩ።

«ጉማሬ ነው?» ድምፃቸው ቀጠነ።

«ባርኔጣዎ ላይ ናት!»

«ጉማሬዋ?»

«ጢንዚዛዋ!»

አቶ ደምሴ ቀና ሲሉ ባርኔጣውም አብሮ ቀና አለ። ዞር ሲሉ አብሯቸው ዞረች። ሻምሲ ከኋላ ሆና፣ «ቀስ፣ ኦቦ ደምሴ፣ ቀስ ብለው በሁለት እጅዎ ያውርዷት» ትላለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። አቶ ደምሴ እንደ ሞላ ሳህን አድርገው ባርኔጣቸውን አወረዱ። ሲያወርዱት ብርሃኗን አጠፋች። ጎንበስ ብለው ባርኔጣው ውስጥ ሲፈልጉ በራሳቸው ላይ ተነሥታ፣ ከጀርባቸው አንድ ጊዜ ቦግ ብላ ደንገሉ ውስጥ ገባች። «ያቻት!» ብለን ጮኽን። ቀና ሲሉ ጨለማ ነው።

«ተማክራችኋል» አሉ አቶ ደምሴ።

«እዚህ ጀልባ ላይ?» አልኳቸው። «በመቀመጫ እንኳ መስማማት አቅቶን ልንሰምጥ ነበር እኮ! መቼ ተማከርን?»

ቱሉ ሞተሩን አስነሣና ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አቶ ደምሴ ባርኔጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ሲደባብሱት ነበር። ሻምሲ መስኮቱን ተደግፋ ጨለማ ጨለማውን ታያለች። ጢንዚዛዋን አየናት፣ ግን ያየነው ሁላችንም የእሷ ወገን ነን ይባላል፤ መመስከር ያለባቸው ሰውዬ አላዩም። ውላችን ደግሞ «በዓይኔ» የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሻምሲ በር አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ተቀመጠች። አቶ ደምሴ ተጠሩ። ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በዓይኔ አላየሁም» አሉ።

ጀልባው ላይ ያልነበሩት ሁሉ፣ «የሻምሲ ፋኖስ! የሻምሲ ፋኖስ!» እያሉ አጨበጨቡ። ሻምሲ ነጠላዋን ሰበሰበች። እኔ ዱላዬን ፈለግሁ።

«አልጨረስኩም!» አሉ አቶ ደምሴ። «አላየሁም ያልኩት የለችም ለማለት አይደለም። ነበረች። ያላየኋት… ባርኔጣዬ ላይ ስለነበረች ነው።»

ቤቱ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አግዳሚ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢው በወረቀቱ ፊቱን ሸፈነ። ከኋላ አንዱ ዋልጌ የአቶ ደምሴን ድምፅ አስመስሎ፣ «አቶ ደምሴ፣ ለዚህ ነገር ምስክር አለዎት?» አለ።

አቶ ደምሴ እዚያው ቆመው ቀሩ። ባርኔጣው እጃቸው ላይ ይሽከረከራል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ሰው እውነት ተናግሮ ሲሳቅበት ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ከፊት ለፊት አየሁት። ያን ፊት ከዚህ በፊትም አውቀዋለሁ፤ አጥር እጋራዋለሁ።

ልነሣ ስል ሻምሲ ቀደመችኝ። ወደ በሩ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ መሃል ሄደች፤ ከአቶ ደምሴ አጠገብ ቆመች።

«አላቸው» አለች። «ምስክሩ እኔ ነኝ። ባርኔጣው ላይ ነበረች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። የቆመው ሰው አምኖ ይሁን አፍሮ አልጠየቅሁም። ከዚያ ከጀልባው ሰዎች አንዱ ተነሣ፣ ሌላዋም ተነሣች፤ ሁላችንም ቆምን። ቱሉ ቢኖር ኖሮ አይነሣም ይለን ነበር። ሻምሲም በር አጠገብ ወደነበረው ቦታዋ አልተመለሰችም፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የዚያን ቀን የእድሯን ከፍላ ወጣች።

አሁን ሰፈራችን ውስጥ የማይመስል ነገር ያወራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «የደምሴ ባርኔጣ» ይባላል። ልጆቹ ሳይቀሩ ይሉታል። አቶ ደምሴ በቀደም እቤቴ ድረስ መጡ፤ ተናድደዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ ፍርድ ያውቃሉ ይባላል» አሉ። «እውነት ተናግሬ ስሜ የውሸት ስም ሲሆን ይሄ ፍርድ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው። «ግን ሻምሲ ብዙ ዘመን ተሸክማዋለች። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።»

አቶ ደምሴ አሰብ አደረጉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አናቱን አዩት፤ እንደ ልማድ ሆኖባቸዋል። መልሰው ደፉት።

«እሺ» አሉ። «እስከ የትኛዋ ዛፍ ድረስ?»